በጆንያ ላይ የተጻፈ ቃል ምን ይመሰክራል?
ስለ ገዳሪፍ፥ ስለ መተማና ስለ ሁመራ ሰሊጥ፤ ስለ ኦርጋኒክ ምልክትና ስለ ልውጥ ዘር

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ከተማ የእህል ገበያ በመከር ጊዜ የቆመ ሰው፥ ሰሊጥና ማሽላ የጫኑ መኪናዎች ከየአቅጣጫው ሲገቡ፥ ጆንያዎቹም ተከፍተው ናሙና በእፍኝ ሲወጣ፥ ነጋዴዎችም በጨረታ ዋጋ ሲጨማመሩ ይመለከታል። ከዚያ በዶካ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ገላባት ይደርስና፥ ድልድዩን ሲሻገር መተማ ዮሐንስ ይገባል። በሰሜን በኩል ደግሞ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት የተከዜ ወንዝ ሐምዳይትንና ሁመራን ያገናኛል። ድንበሩ ሁለት መንግሥታትን ይለያል እንጂ፥ መሬቱ በሁለቱም ወገን ጥቁር ዋልካ፥ ዝናቡ አንድ ክረምት፥ ሰብሉም ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ ነው።

በዚህ ቆላ የሚበቅለው ሰሊጥ አብዛኛው በአገሩ አይበላም። ወደ ቻይና፥ ወደ እስራኤል፥ ወደ ጃፓን፥ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሄዳል። በእስራኤልና በአሜሪካ በሚሸጡ አንዳንድ የጣሂና ማሰሮዎች ላይ «ሁመራ» የሚለው ስም ራሱ እንደ ጥሩ ማዕረግ ተጽፎ ይነበባል። በዚያው ማሰሮ ላይ ደግሞ ሌሎች ሦስት ቃላት ይታያሉ፤ እነርሱም «ተፈጥሯዊ»፥ «ኦርጋኒክ» እና «ልውጥ ዘር የሌለበት» የሚሉት ናቸው። ሸማቹ በእነዚህ ቃላት ተማምኖ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል። ያን ሰሊጥ ያመረተው ገበሬ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ተጨማሪ ገንዘብ አንዳች አያገኝም፤ እርሻውን ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ነክቶት የማያውቅ ቢሆንም እንኳ፥ ሰሊጡ በገበያ የሚሸጠው ከሌላው ጋር ተደባልቆ ባንድ ዋጋ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት፥ ሦስቱ ቃላት እያንዳንዳቸው ምን እንደሚመሰክሩና ምን እንደማይመሰክሩ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስቱ ቃላትና ሦስቱ ጥያቄዎች

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ከሦስቱ ሁሉ ለጆሮ የሚጥም፥ በሕግ ፊት ግን እጅግ የላላ ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ለዚህ ቃል በደንብ የወጣ ትርጓሜ ሳይሰጠው ኖሯል፤ እንደ መመሪያ የያዘው አሳብ፥ በምግቡ ውስጥ ይኖራል ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ሠራሽ ነገር አልተጨመረበትም ማለት ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቃሉ ትርጓሜ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው ብሎ የሕዝብን አስተያየት ጠይቆ ነበር። እንግዲህ ይህ ቃል የሚናገረው ምግቡ ሲዘጋጅ ምን እንደ ተጨመረበት ነው እንጂ፥ በማሳው ላይ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደ ተረጨ ወይም ምን ዓይነት ዘር እንደ ተዘራ አይደለም። ቃሉ እውነት መሆኑን ለማየት ወደ ማሳ የሚሄድ መርማሪም የለም።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ግን በሕግ የታሰረ ነው። የሚመሰክረውም እህሉ እንዴት እንደ በቀለ፥ እንዴት እንደ ተከማቸና እንዴት እንደ ተጓዘ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ የሚሠራበት ደንብ ቁጥር 2018/848 ሲሆን፥ በአሜሪካ ደግሞ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1990 ሕግ ነው። በሁለቱም ዘንድ ከአንድ በላይ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ «ኦርጋኒክ» ለመባል ከእርሻ ከመጣው ክፍሉ ከመቶ 95 እጁ ኦርጋኒክ መሆን አለበት። በኢትዮጵያም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 488/1998 ታውጇል።

ሦስተኛው ቃል «ልውጥ ዘር የሌለበት» የሚለው ነው፤ ይህ ስለ ዘሩ አመጣጥ ብቻ ይናገራል። በላቦራቶሪ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ የውርስ ባሕርይ የገባበት ዘር አይደለም ማለት ነው። ማሳው ላይ ኬሚካል ተረጭቶ እንደ ሆነ አይናገርም። ስለዚህ መድኃኒት የተረጨበት ሰሊጥ «ልውጥ ዘር የሌለበት» ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ «ኦርጋኒክ» ቢባል ግን ማታለል ይሆናል። በአንጻሩ «ኦርጋኒክ» የተባለው በልውጥ ዘር እንዳይመረት ደንቡ ስለሚከለክል፥ ይህ ቃል ሦስተኛውን በውስጡ ይዞታል።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። በዓለም ላይ ለንግድ የሚዘራ ልውጥ የሰሊጥ ዘር የለም። እንግዲያስ በሰሊጥ ጆንያ ላይ «ልውጥ ዘር የሌለበት» ብሎ መጻፍ እውነት ቢሆንም፥ አንዱን ሰሊጥ ከሌላው የሚለይ ምስክርነት አይደለም፤ የምድሩ ሰሊጥ ሁሉ እንደዚያው ነውና። ለዚህ ቃል ብቻ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል ሰው ያልጎደለውን ነገር ይገዛል።

ምርጥ ዘርና ልውጥ ዘር

በድንበሩ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ገበሬው ከምርምር ጣቢያ የመጣለትን አዲስ ዘር ሲያይ «ይህ የተለወጠ ዘር ነው» ብሎ ይሠጋል። የሁመራ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው «ሁመራ 1» እና «ሰቲት 1» የተባሉት የሰሊጥ ዘሮች፥ እንዲሁም የሱዳን የእርሻ ምርምር ድርጅት ያወጣቸው ዘሮች ምርጥ ዘሮች ናቸው እንጂ ልውጥ ዘሮች አይደሉም። የተገኙት ቀድሞ አባቶች ያደርጉት በነበረው መንገድ፥ ይኸውም ከብዙ ሰሊጥ መካከል የተሻለውን በመምረጥና በማባዛት ነው፤ ልዩነቱ ሥራው በመዝገብና በሙከራ ማሳ መካሄዱ ነው። እነዚህን ዘሮች መዝራት የኦርጋኒክ ማዕረግን አያሳጣም፤ ነገር ግን ዘሩ በፋብሪካ መድኃኒት ታሽቶ የመጣ እንዳይሆን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልውጥ ዘር ወደዚህ ቆላ የገባው በሌላ ሰብል ማለትም በጥጥ በኩል ነው። የሱዳን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ከቻይና የመጣ «ሲኒ 1» የተባለ ልውጥ የጥጥ ዘር እንዲዘራ ፈቀደ። «ሲኒ» በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ የቡና መጠጫው ሲኒም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት ዲቃላ ልውጥ የጥጥ ዘሮች ለእርሻ እንዲውሉ ፈቀደች። የእነዚህ ዘሮች ሁሉ ምሥጢር አንድ ነው። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለ በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ፤ እርሱም አንዳንድ ትሎችን የሚገድል ፕሮቲን ይሠራል። የእርሻ ሊቃውንት ያን ፕሮቲን የሚያሠራውን የውርስ ባሕርይ ወደ ጥጡ ስላስገቡት፥ ጓይ ትል የጥጡን ፍሬ ሲበላ ይሞታል።

በዚህ ዘር ገበሬው ለጓይ ትል የሚያወጣው የመድኃኒት ወጪ ሊቀንስለት ይችላል። ሆኖም ነጭ ዝንብና ክሽክሽ የመሳሰሉትን የተክል ጭማቂ የሚመጡ ተባዮች አያጠፋም፤ ትሎቹም በጊዜ ብዛት ሊለማመዱት ይችላሉ፤ ይህም በሕንድ አገር በሮዝማው የጥጥ ትል ላይ ታይቷል። ዲቃላ ዘር ደግሞ በሁለተኛው ዓመት እንደ ፊተኛው ስለማያፈራ በየዓመቱ መገዛት አለበት። አንድ የሚያስገርም ነገርም አለ፤ ኦርጋኒክ ገበሬ ያንኑ ባክቴሪያ በውኃ በጥብጦ በተክሉ ላይ እንዲረጭ ደንቡ ይፈቅድለታል፤ ባክቴሪያው ያለው ባሕርይ የገባበትን ዘር እንዲዘራ ግን አይፈቅድለትም። ከዚህ እንደሚታየው የኦርጋኒክ ደንብ የሚጠይቀው እህሉ መርዝ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ብቻ አይደለም፤ በምን መንገድ ተመረተ የሚለውን ነው።

ልውጥ ዘርን የሚመለከተው የዓለም ስምምነት የካርታኼና ፕሮቶኮል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሞንትሪያል ከተማ ጸድቆ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 መስከረም ወር በሥራ ላይ ዋለ። በድርድሩ የአፍሪካን አገሮች ወገን በመምራት የታወቁት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። የስምምነቱ ዋና አሳብ አንድ አገር ልውጥ ሕያው ወደ ምድሩ ከመግባቱ በፊት አስቀድሞ ሊነገረውና ሊመክርበት ይገባል የሚል ነው። ኢትዮጵያ በዚሁ መሠረት የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን አወጣች፤ አዋጁ እጅግ ጥብቅ ስለ ነበረ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ የምርምሩ በር ሰፋ ተደረገ። ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ2010 የራሷን ሕግ አወጣች።

ሰሊጥና ጥጥ ጎረቤት ሲሆኑ

ሰሊጥ የሚዘራ ገበሬ ጎረቤቱ ልውጥ ጥጥ ቢዘራ ሰሊጡ ይለወጥበት እንደ ሆነ ይጠይቃል። መልሱ አጭር ነው፤ አይለወጥም። ሰሊጥና ጥጥ በዘመድ የማይገናኙ ተክሎች ስለሆኑ የአንዱ የአበባ ዱቄት ሌላውን አያስረግዝም። አደጋው ያለው በነፋስና በንብ ሳይሆን በሰው እጅ ነው። አንደኛ፥ ያው ማሳ ባለፈው ዓመት ልውጥ ጥጥ ተዘርቶበት ከሆነ፥ ዘንድሮ ሰሊጥ ቢዘራበት ሰሊጡ ወዲያው ኦርጋኒክ አይባልም። የአውሮፓ ደንብ በየዓመቱ ለሚዘሩ ሰብሎች ከመዝራቱ በፊት ሁለት ዓመት፥ የአሜሪካ ደንብ ደግሞ የተከለከለው ነገር ካረፈበት ቀን አንሥቶ እስከ አጨዳው ሦስት ዓመት ይጠይቃል። ሁለተኛ፥ ባንድ መኪና ጥጥ ተጭኖ ሳይጠረግ ሰሊጥ ቢጫንበት ወይም ሁለቱ ባንድ መጋዘን ቢቀመጡ ንጹሑ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል።

ከልውጥ ዘር ይልቅ ለኦርጋኒክ ሰሊጥ ቅርብ ጠላቱ የሚረጨው መድኃኒት ነው። በገዳሪፍ ሰፊ የማሽላ እርሻዎች ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት ቱ ፎር ዲ የተባለው መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ሲረጭ ኖሯል። ሰሊጥም ሰፊ ቅጠል ካላቸው ተክሎች ወገን ስለሆነ፥ መድኃኒቱን ነፋስ ቢያመጣበት ተክሉ ራሱ ይጎዳል፤ ቢተርፍም እንኳ የኦርጋኒክ ማዕረጉ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በዳርቻው የማይታጨድ ወይም ተለይቶ የሚታጨድ ሰሊጥ መተው ብልህነት ነው።

ሌላው ፈተና ከአጨዳ በኋላ ይመጣል። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፥ የአገሬው ሰው ሒላ በሚለው ክምር እየቆመ ሲደርቅ፥ ፍሬውን የሚመጥ ትኋን ይወርደዋል። ብዙ ገበሬ ይህን ጊዜ ማላታዮን በክምሩ ዙሪያ ይነሰንሳል። ክረምቱን በሙሉ መድኃኒት ሳይነካው የቆየ ሰሊጥ በዚህች አንድ ቀን ኦርጋኒክነቱን ያጣል። በመጋዘንም ለነቀዝ የሚቀመጠው የፎስቶክሲን ጽላት እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያም እንዲሁ። ማሳ ላይ የተጠበቀው ማዕረግ በጆንያ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ኦርጋኒክነት መተው ማለት አይደለም

«እኛ ማዳበሪያም መድኃኒትም አንጠቀም፤ እንግዲያስ ኦርጋኒክ ነን» የሚል አነጋገር በድንበሩ በሁለቱም ወገን ይሰማል። አነጋገሩ እውነትም ስሕተትም አለበት። ኬሚካል አለመጠቀም የደንቡ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው ክፍል መሬቱን መመገብ ነው። ለዚህ የገዳሪፍ ታሪክ በቂ አስረጂ ይሆናል። በዚያ አገር በትራክተር የሚካሄደው ሰፊ እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት፥ ከገዳሪፍ አጠገብ በገደምበሊያ ሲሆን፥ ምክንያቱም በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት ማሽላ ማቅረብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዛፉ ተመንጥሮ፥ ማሽላ በማሽላ ላይ፥ ሰሊጥም በሰሊጥ ላይ ያለ ዕረፍት በመዘራቱ የብዙው መሬት ጉልበት ደከመ። አማርኛ ተናጋሪ አቀንጭራ፥ ሱዳኖች ቡዳ የሚሉት የማሽላ ሥር የሚመጥ አረምም በደከመ መሬት ላይ በረታ። ስሙ እንደሚያመለክተው በልቶ የማይጠግብ ጠላት ነው።

እንዲህ ያለውን መሬት ማንም ማዳበሪያ ስላልጨመረበት ብቻ ኦርጋኒክ ብሎ መጥራት አይገባም። ደንቡ ሰብል ማፈራረቅን፥ ማሾንና ሌሎች የጥራጥሬ ዘሮችን በመካከሉ መዝራትን፥ ፍግና ብስባሽ መመለስን ይጠይቃል። መተማና ሁመራ ብዙ ከብት ያለበት አገር ነው፤ ፍጉ ግን ብዙ ጊዜ በበረቱ ይቀራል እንጂ ማሳ አይደርስም።

በዚሁ አካባቢ ከሚገኙት ሀብቶች አንዱ የሆነው ሙጫ ደግሞ የተለየ ምሳሌ ነው። ሱዳኖች ሐሻብና ጠልሕ ከሚሏቸው የግራር ዓይነቶች የሚለቀመው ሙጫ ማንም ሳይዘራው በዱር የሚገኝ ሲሆን፥ በዓለም የጣፋጭና የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ይፈለጋል። «ተፈጥሯዊ» ለመባል ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም። ነገር ግን በአውሮፓ «ኦርጋኒክ» ተብሎ ለመሸጥ፥ የሚለቀምበት ቦታ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የተከለከለ ነገር ያልተረጨበት መሆኑና ለቀማው ዛፉን የማይጎዳ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የዱር ፍሬ እንኳ ያለ ምስክር አይታመንም።

ከዘይቱ ውስጥ ምን ይቀራል?

ለከተማ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ጉዳይ የዘይቱ ነው። ጥጥ ከተዳመጠ በኋላ ፍሬው ይጨመቅና ዘይት ይወጣዋል፤ ፋጉሎውም ለከብት ይሆናል። ፍሬው ከልውጥ ጥጥ የመጣ ቢሆንም፥ በሚገባ በተጣራ ዘይት ውስጥ የተለወጠው የውርስ ባሕርይም ሆነ ፕሮቲኑ ሊገኝ የሚችል ሆኖ አይቀርም፤ ዘይት ቅባት ነውና። ታዲያ ይህ ዘይት በጠርሙሱ ላይ ይጻፍበት ወይስ አይጻፍበት? በዚህ ነገር ትላልቆቹ መንግሥታት በሁለት መንገድ ሄደዋል። የአውሮፓ ኅብረት አመጣጡን ይመለከታል፤ በዘይቱ ውስጥ ምንም ባይገኝም ከልውጥ ዘር ከመጣ ይጻፍ ይላል፤ ሳይታሰብ የተቀላቀለውን ግን እስከ መቶኛ 0.9 ድረስ ይታገሣል። አሜሪካ በአንጻሩ ልውጥነትን በምግብ ላይ የመጻፍን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2022 ስትጀምር፥ በምርመራ ሊገኝ የማይችለውን የተጣራ ምግብ ከግዴታው ውጭ አድርጋ፥ ሳይታሰብ ለተቀላቀለውም እስከ መቶኛ 5 ድረስ ፈቀደች። ስለዚህ ያው አንድ የዘይት ጠርሙስ ባንዱ አገር ምልክት ሲለጠፍበት በሌላው ሳይለጠፍበት ሊሸጥ ቻለ። ምልክት አለመኖሩ ልውጥ አለመሆኑን የማይመሰክረው ስለዚህ ነው።

ይህም ሲባል ምልክቱ የመርዝ ማስጠንቀቂያ እንዳይመስል ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በገበያ ላይ ያሉት የልውጥ ዘር ምግቦች የደህንነት ምርመራ ያለፉ መሆናቸውንና በሰው ጤና ላይ ጉዳት ያመጣሉ ተብሎ እንደማይጠበቅ፥ ሆኖም እያንዳንዱ ለብቻው መመርመር እንዳለበት ገልጧል። ምልክቱ የሚጻፈው ገዢው ሳያውቅ እንዳይገዛ ነው።

ንጽሕና ራሱን የቻለ ነገር ነው

ከሦስቱም ቃላት አንዱ እንኳ ስለማይመሰክርለት ነገር መናገር ተገቢ ነው፤ እርሱም ንጽሕና ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያና ከሱዳን የሚመጣውን ሰሊጥ ሳልሞኔላ ስለተባለው የበሽታ ተሕዋስ ልዩ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ጋር መዝግቦታል። ይህ ተሕዋስ የሚመጣው ከወፍ ኩስ፥ ከከብት እበትና ከቆሸሸ እጅ ነው፤ ኦርጋኒክ ሰሊጥ በባዶ መሬት ላይ ቢወቃ ከሌላው እኩል ይቆሽሻል። በአንጻሩ ይህን ተሕዋስ በኬሚካል ጋዝ ለመግደል የተሞከረው ሌላ ችግር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሕንድ በመጣ ሰሊጥ ውስጥ በአውሮፓ የተከለከለው ኤቲሊን ኦክሳይድ ተገኝቶ፥ ሰሊጥ የገባባቸው እጅግ ብዙ ምግቦች ከሱቅ ተሰበሰቡ፤ ከተሰበሰቡትም መካከል የኦርጋኒክ ምልክት የያዙ ነበሩ። ለድንበሩ ገበሬ የሚበጀው መድኃኒት ቀላል ነው፤ በሸራ ላይ መውቃት፥ ወፍና ከብት እንዳይደርሱበት መጠበቅ፥ በንጹሕ ጆንያ መክተት።

ማዕረጉ የሚጠፋው የት ነው?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ገበሬው ደክሞ ያመረተው ንጹሕ ሰሊጥ ተጨማሪ ዋጋውን የሚያጣው በሦስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው በገበያው ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በቀለሙ፥ በንጽሕናውና በትውልድ ቦታው ደረጃ ይሰጠዋል፤ የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ባንድ ክፍል፥ የወለጋው በሌላ ክፍል ይመደባል። ይህ አሠራር ገበሬው ዋጋ እንዲያውቅና ገንዘቡን በጊዜ እንዲያገኝ ጠቅሟል። ነገር ግን አንድ ደረጃ ያገኘው ሰሊጥ በመጋዘን ከእኩያው ጋር ሲቀላቀል የማን ማሳ እንደ ሆነ ይጠፋል። የገዳሪፍ ጨረታም የሚያየው በእፍኝ ያለውን ፍሬ ነው እንጂ ማሳውን አይደለም። ኦርጋኒክነት ደግሞ በዓይን አይታይም፤ በመዝገብ ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ኦርጋኒክ ሰሊጥ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በአምራቹ በራሱ በኩል ተለይቶ ካልወጣ በቀር ማዕረጉ በመጋዘኑ በር ይቀራል።

ሁለተኛው በመዝገብ እጦት ነው። አንድ ድኻ ገበሬ የውጭ አገር መርማሪ ለብቻው ቀጥሮ ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ የአውሮፓው ደንብ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ባንድ የምስክር ወረቀት እንዲሸጡ ይፈቅዳል። አንዱ ማኅበር ከ2000 አባላት መብለጥ የለበትም፤ አባል የሚሆኑትም አነስተኛ ገበሬዎች ናቸው፤ ለምሳሌ መሬቱ ከ5 ሔክታር ያልበለጠ ይገባል። ማኅበሩ የራሱን ተቆጣጣሪዎች ሾሞ የእያንዳንዱን አባል ማሳ፥ ዘርና ምርት በመዝገብ ይይዛል፤ የውጭው መርማሪም ያን መዝገብና ጥቂት ማሳዎችን መርጦ ይመረምራል። በመተማና በሁመራ ብዙ መቶ ሔክታር የሚያርስ ባለሀብት ከትንሹ ገበሬ ጎን ስላለ፥ ሁለቱ ባንድ ማኅበር ስም ሊሸጡ አይችሉም።

ሦስተኛው በሰላም መጥፋት ነው። ምስክር ወረቀት በየዓመቱ በምርመራ ይታደሳል፤ መርማሪ የማይደርስበት ዓመት ሲመጣ ወረቀቱ ይወድቃል። በጥቅምት ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የሰሊጡ መከር ገና አልተጠቃለለም ነበር፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሐምዳይት በኩል ወንዙን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ፤ ብዙውም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ተጠለለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ገዳሪፍ በተራዋ የገዛ አገሯን ተፈናቃዮች ተቀበለች። በእንዲህ ያለ ዘመን ገበሬው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ መዝገቡ ይቀራል፤ ሰሊጡም የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ይጫናል። ሦስት ዓመት የፈጀ የማሳ ጥበቃ በአንድ መከር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ለሦስቱ ወገኖች የሚሰጥ ምክር

ለገበሬው፦ ኦርጋኒክ ለመሆን የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ገዢ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ገዢ ሳይኖር ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው። ቀጥሎ በአንድ ደብተር ላይ የማሳውን ስፋት፥ የዘሩን ስም፥ የተዘራበትንና የታጨደበትን ቀን፥ የተወቃውን ኩንታል፥ የተጠቀመበትን ነገር ሁሉ ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ልጁ ይጻፍለት። ጆንያውን ከጎረቤት ጆንያ፥ ክምሩን ከተረጨ ክምር ይለይ። ልውጥ ጥጥ የዘራ ደግሞ አያፍርበት፤ ሕግ ፈቅዶለታል፤ ነገር ግን የትኛው ማሳ እንደ ሆነ ይመዝግብ፥ ፍሬውንም ለገዛው ሰው ይንገር።

ለመንግሥት ሠራተኛው፦ የእርሻ ልማት ሠራተኛ ማዳበሪያና መድኃኒት ሲያድል፥ በዚያ ቀበሌ የኦርጋኒክ ማኅበር መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። አንድ መሥሪያ ቤት ያለማውን ሌላው ሳያውቅ እንዳያፈርስበት ነው። የመጋዘን ሹም የተለየውን ሰሊጥ የተለየ ስፍራ ይስጠው። በከተማ ሱቅ «ተፈጥሯዊ» ወይም «ኦርጋኒክ» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ሲቀርብ ተቆጣጣሪው «ማን መረመረው? የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ለሸማቹ፦ በዕቃው ላይ የሰፈረውን ቃል ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በታች የመርማሪው ስም መኖሩን ይመልከት። መርማሪ የሌለው ቃል የሻጩ ምኞት ነው። የአገሩን ሰሊጥ ከሚያውቀው ገበሬ እጅ የሚገዛ ሰው ግን ከማንኛውም ምልክት የሚበልጥ ነገር አለው፤ ሄዶ ማየትና መጠየቅ ይችላል።

የገዳሪፍ፥ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ለጥሩ ስም የሚያበቃው ነገር አያንሰውም። ዘሩ ያልተለወጠ፥ አፈሩ ለም፥ ፍሬው ነጭና ጣፋጭ ነው። የሚያንሰው ምስክር ነው። ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው እውነት ቢኖረውም ምስክር ካላቆመ እንደማይረታ፥ ሰሊጡም እንዲሁ ነው። የሰሊጡ ምስክር ደግሞ በባሕር ማዶ ፋብሪካ የሚለጠፈው ወረቀት ሳይሆን፥ በማሳው ዳር በገበሬው እጅ የሚጻፈው ደብተር ነው፤ ያ ደብተር ሲኖር በጆንያው ላይ የሚጻፈው ቃል ዋጋ ያገኛል፥ ዋጋውም ለደከመበት ሰው ይደርሳል።